የተቆለፈው ኮምፒውተሬ

ቅናተኛ ነኝ። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፤ ስግደት ሰጥተውኝ ሰግጃለሁ፤ አልለቀቀኝም። ሰው ሁሉ በሚቀናበት ነገር ግን አልቀናም። ጎረቤቴ ፎቅ ሲሠራ፣ አሸዋ የጫነው መኪና እንዲዞርለት አጥሬን አፍርሼ ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። የሰው ሹመትም፣ የሰው ቤትም ዓይኔን አይወጋኝም። የምቀናው በየኔታ ብቻ ነው።

የኔታ የቅኔ መምህሬ ናቸው። በወጣትነቴ ዲማ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ነው ቅኔ የተማርሁት። በመጨረሻዎቹ ዓመታት አስነጋሪያቸው ነበርሁ፤ አዲስ ተማሪ አስቦ የቆጠረውን ቅኔ እሳቸው ዘንድ ከማቅረቡ በፊት እኔ እሰማዋለሁ፣ የጎበጠውን አቃናለሁ፣ የማይሆነውን «ሂድ፣ እንደገና ቁጠር» ብዬ እመልሳለሁ። ወደ የኔታ የሚገባ ሁሉ በእኔ በኩል ነበር የሚያልፈው። ያ ልማድ ሳያበላሸኝ አልቀረም።

ኋላ የቅኔውን ቤት ትቼ ደብረ ማርቆስ ገባሁ፤ የጽሕፈት መኪና ተማርሁ፤ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀጥሬ ጡረታ እስክወጣ እዚያው ሠራሁ። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃዎቹን ሲያስወግድ ለዓመታት የጻፍሁበትን ኮምፒውተር ወስጄ ቤቴ አመጣሁት። አብሮት አንድ የብረት ካቢኔ መጣ፤ ድሮ የሠራተኛ ፋይል ይቀመጥበት የነበረ፣ አራት ሰው ተጋግዞ ያስገባው። ስክሪኑንና ኪቦርዱን ከካቢኔው ላይ አደረግሁ፤ ሲፒዩውን፣ ያንን ትልቁን ሣጥን፣ ካቢኔው ውስጥ ከተትሁት። ብየዳ የሚሠራ ሰው ቤቴ ድረስ ጠርቼ ለገመዶቹ ማለፊያ ከጀርባው አስበሳሁ። በሩ በቁልፍ ይዘጋል። ቁልፉ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው የሚውለው።

ባለቤቴ በዚህ ነገር ስትስቅብኝ ዓመታት አልፈዋል። ኮምፒውተሩን ካበራሁት በኋላ እንኳ በሩን መልሼ እቆልፈዋለሁ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበር፤ መጽሐፍ አውጥቶ ለካህን ሲሰጥ፣ ቀሪው ሣጥን ተመልሶ ሳይቆለፍ አንድ እርምጃ አይራመድም። የከበረ ነገር በብረትና በቁልፍ እንደሚጠበቅ ያየሁት ከእሱ ነው። የእኔ ኮምፒውተር ውስጥ ደግሞ የየኔታ ቅኔ አለ።

የኔታ እርጅና ሲጫናቸው ጉባኤያቸውን ለተተኪ አስረክበው ወደ ከተማ መጡ፤ የሚኖሩት የእህታቸው ልጅ ቤት ነው። በመጡ በጥቂት ወራት ውስጥ ሄጄ ለመንኋቸው። «የኔታ፣ ያ ሁሉ የተቀኙት ከሚጠፋ ይንገሩኝና ልጻፈው» አልሁ።

«ቅኔ ለዕለቱ ነው» አሉ። «ትላንት የተባለ ለዛሬ ምን ያደርጋል?»

እውነታቸውን ነው። በእኛ ትምህርት ቤት አንድ ጊዜ ያሉትን ቅኔ ለሌላ በዓል መልሶ ማለት ነውር ነው፤ ሰው ይስቅብሃል። ግን ደጅ ጠናሁ። ባለቤቴም ገብታ ለመነች። በመጨረሻ እኔን ለማስደሰት ብለው እሺ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ቤቴ ይመጡ ነበር። መስኮቱ ሥር፣ የከሰዓት ፀሐይ የሚያገኘው ጥግ ላይ፣ አንድ የጠፍር ወንበር አለ፤ የእሳቸው ነው። ባለቤቴ የጦስኝ ሻይ ታቀርባለች። እሳቸው አንድ ጉባኤ ቃና ይሉኛል፤ ሁለት ቤት፣ ሁለት ስንኝ ብቻ ያላት አጭር ቅኔ ናት። እጽፋለሁ። ሌላ ይጀምሩና መሐል ላይ ድምፃቸው እየሳሳ ይሄዳል፤ ቀና ስል ጥምጣማቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፣ አንገታቸው ዘንበል ብሏል፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እኔ የጻፍሁትን ማረም፣ ገጽ ማስተካከል እቀጥላለሁ። ሲነቁ «የት ደረስን?» ይላሉ። የት እንደደረስን እነግራቸዋለሁ። በአንድ እሑድ ከሦስት ቅኔ በላይ የጻፍሁበት ቀን የለም።

እንቅልፋቸው ይከነክነኝ ነበር። «ሰለቸኋቸው ይሆን?» እላለሁ በሆዴ። ከዚያ ደግሞ እርጅና ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ የኔታ ሁለት እሑድ ቀሩ። በሦስተኛው፣ ታመው ይሆናል ብዬ ልጠይቃቸው ሄድሁ። የእህታቸው ልጅ በር ላይ ተቀበለችኝ።

«እዚያ ቤት ናቸው'ኮ» አለች።

እዚያ ቤት ያለችው የሌላ ደቀ መዝሙራቸውን ቤት ነው። እሱም ዲማ አብሮኝ የተማረ ነው፤ ከእኔ በጣም ዘግይቶ ነው የገባ። የመጀመሪያዋን ጉባኤ ቃናውን ሰምቼ ያረምሁለት እኔ ነኝ፤ ስድስት ጊዜ መልሼበታለሁ። አሁን ከየጁቤ ጤፍ እየገዛ፣ ደጀን ላይ እየጫነ ይነግዳል፤ ወለሉ ሴራሚክ የሆነ ቤት ሠርቷል። የኔታን እሑድ እሑድ ካሜራ ፊት ያስቀምጣቸውና በኢንተርኔት በቀጥታ ያስተላልፋቸዋል። የድሮ ተማሪዎቻቸው ባሉበት ሆነው ያዩአቸዋል፤ ጥያቄ ይጽፉላቸዋል፤ እሳቸውም ይመልሳሉ። የእህታቸው ልጅ ይህን ስትነግረኝ ፊቷ በደስታ በርቶ ነበር።

ወደ ቤቴ በእግሬ ስመለስ ሰላምታ የሰጠኝን ሰው ሁሉ በደንብ የመለስሁለት አይመስለኝም። ስድስት ዓመት በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ቅኔ እየለቀምሁ የቋጠርሁትን አንድ ሰው አላየልኝም፤ ያ ልጅ በሁለት እሑድ አገር ሁሉ እንዲሰማቸው አደረገ። ያውም ልጅ አይደለም፤ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ እኔ ግን ሲያናድደኝ ልጅ ነው የምለው። ቤት ስገባ የየኔታ ወንበር ላይ ድመቷ ተኝታ አገኘኋት። ያለ ጥፋቷ አባረርኋት።

ባለቤቴ አስተማሪ ናት። ዩኒቨርሲቲ ካለችው ልጃችን ጋር በስልኳ ለማውራት ብላ ቤታችን ዋይፋይ ካስገባች ቆይታለች። ለእኔ ምኔም አልነበረም፤ ኮምፒውተሬ ኢንተርኔት የሚባል ሳያውቅ ነው ያረጀው። በሚቀጥለው እሑድ ስልኳን ይዛ መጣች።

«ና ተመልከት፤ የኔታ እንዴት እንዳማረባቸው!»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

«አንተ'ኮ በየኔታ የምትቀናው እንደ ጣውንት ነው።»

«አልቀናሁም።»

«ታዲያ ምነው አታያቸው?»

«ዓይኔን ያመኛል። ስልኩ ትንሽ ነው።»

«እንግዲያ በኮምፒውተርህ እያቸዋ!» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ለቀልድ ነበር የተናገረችው። እኔ ግን ነገሩን ያዝሁት። ኮምፒውተሬ ከዋይፋዩ ጋር ከተገናኘ፣ ካሜራም ካገኘሁለት፣ የኔታ ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ። የዲማ ልጆችም ሁሉ የኔታ የማን ቤት እንደሚቀመጡ ያያሉ። ለባለቤቴ ይህን አልነገርኋትም፤ ለጽሑፉ ሥራ ያስፈልገኛል አልኋት። አላመነችኝም።

ሰኞ ዕለት ወደ አንድ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ሄድሁ። ባለሱቋ ወፍራም መነጽር ያደረገች ሴት ናት። የኮምፒውተሬን ዕድሜ ስነግራት መነጽሯን አወለቀች።

«አባባ፣ ይኼ እንዲሁ ዋይፋይ አይቀበልም። ፋብሪካ ሲሠራውም የመቀበያ ዕቃ አልተገጠመለትም» አለች።

ልወጣ ዞርሁ። ቀጥላ ግን ከአውራ ጣት ጥፍር ጥቂት የምትበልጥ ጥቁር ዕቃ አወጣች። ፍላሽ በሚሰካበት ቀዳዳ ትሰካለች፤ ዋይፋዩን እሷ ትቀበልለታለች። ሥራ የምታስጀምራት ሶፍትዌር በሲዲ አብራት አለች። ይህን ያህል ትንሽ ነገር የኔታን ይመልስልኛል ብዬ ሳስብ ኪሴ ውስጥ ሦስት ጊዜ ዳሰስኋት።

ቤት ደርሼ ሲዲውን ላስገባ ስል ማስገቢያው አልከፈት አለ። በቢላዋ ጫፍ ታገልሁት፤ ወጣ፤ ሲወጣ ደግሞ አልመለስ አለ፤ ምላሱን አውጥቶ ቀረ። በማግሥቱ ሲፒዩውን ፈትቼ በጋቢ ጠቅልዬ ባጃጅ ውስጥ ታቅፌው ወደ ባለሱቋ ሄድሁ። እሷ ሶፍትዌሩን በፍላሽ ጫነችልኝ። ጥቁሯ ዕቃ ሰማያዊ መብራት አበራች። ስክሪኑ ላይ የሰፈሩ ዋይፋይ ሁሉ ስሙ ተደረደረ።

«ይኸው! ድኗል፤ ይውሰዱት» አለች።

ታቅፌው ተመለስሁ። ካቢኔው ውስጥ አስገባሁት፤ ገመዶቹን ሰካሁ፤ ጥቁሯን ዕቃ ከጀርባው ሰካኋት፤ አበራሁት፤ እንደ ልማዴ በሩን ቆለፍሁ። ተቀመጥሁ። ምንም የለም። ሱቅ ውስጥ ያ ሁሉ ስም የተደረደረበት ቦታ ባዶ ነው። አንዳንዴ የእኛ ዋይፋይ ስም ብቅ ይልና እጄ ማውሱ ላይ ሳይደርስ ይጠፋል። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ጸሎት አደረስሁበት። ባለቤቴ ስልኳን ይዛ እዚያው አጠገቤ ተቀምጣ ከልጃችን ጋር እያየች ትስቃለች፤ ለእሷ ስልክ የሚደርሰው ለእኔ ኮምፒውተር አይደርስም። ዋይፋዩም ለዚያ ነጋዴ የወገነ መሰለኝ። እውነቴን ነው፤ እንዲያ አሰብሁ።

ሐሙስ ባለሱቋን ጠየቅኋት። ዋይፋዩ ሩቅ ነው ወይ አለች፤ ከግድግዳ ማዶ ነው አልሁ። ግድግዳው ምንድን ነው አለች፤ ጭቃ ነው አልሁ። ጭቃ አይከለክለውም አለች። ካቢኔውን እሷ አልጠየቀችኝም፤ እኔም መናገር የሚገባ ነገር መሆኑ አልታየኝም። ኮምፒውተር ያለ ቁልፍ የሚኖርበት ቤት አለ ብዬ አላውቅማ።

እንዲህ ስታገል አንድ እሑድ አለፈ፤ የኔታ እዚያ ቤት ዋሉ። ባለቤቴ በዚያ ሳምንት ከእኔ ጋር መኖር እንደሰለቻት አሁን ትናገራለች። ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት ያ ባልንጀራዬ ቆሟል። ሳትነግረኝ የጠራችው እሷ ናት።

«አስነጋሪዬ!» ብሎ ትከሻዬን ሳመ። ከዲማ ወጥተን ሠላሳ ዓመት አልፎናል፤ ሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም። ጎንበስ ብሎ ነው ወደ ቤት የገባ። ቢኮራብኝ ይሻለኝ ነበር፤ የሚጠላ ምክንያት አላገኘሁበትም፤ ይህም ሌላ ቃጠሎ ነው።

«የት ነው ያለው?» አለ ኮምፒውተሩን። ቁልፉን ከአንገቴ አውጥቼ ካቢኔውን ከፈትሁለት። ብረቱን በጣቱ መታ መታ አደረገው። በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው፣ ከፈተው። ወደ እኔ ዞረ።

«ሲሠራም እንዲህ ተቆልፎ ነው?»

«አዎ።»

ሊስቅ ፈልጎ ጉንጩ ተነፋ፤ የድሮ አስነጋሪው ነኝና አልደፈረም። ባለቤቴ በሱ ፈንታ ሳቀችልኝ።

«አስነጋሪዬ፣ ብረት ነው'ኮ የያዘው። እኔ ደጀን ላይ እህል ልቆጥር ኮንቴይነር ውስጥ ገብቼ በሩ ሲዘጋ የስልኬ ኔትወርክ ይጠፋል። ስወጣ ይመለሳል። ይኼም እንደዚያው ነው።»

ከቦርሳው የማስረዘሚያ ገመድ አወጣ፤ አንዱን ጫፍ ሲፒዩው ላይ ሰካ፤ ሌላውን በተበሳው ቀዳዳ አውጥቶ ጥቁሯን ዕቃ ጫፉ ላይ ሰካትና መስኮቱ አጠገብ ካለች ሚስማር ላይ አንጠለጠላት። ወዲያው የጎረቤቱ ሁሉ ስም ተደረደረ፤ የእኛም ከላይ። ባለቤቴ የይለፍ ቃሉን ነገረችው። ተገናኘ። ያቀረበችለት የጦስኝ ሻይ ገና ግማሽ አልደረሰም ነበር።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሳምንት ሙሉ ያቃተኝን እሱ በግማሽ ብርጭቆ ሻይ ጨረሰው፤ እኔ የተሰማኝ ይኼ ነው።

«በል እስቲ የኔታን እንያቸው» አለና ባለፈው እሑድ ያስተላለፈውን ከፈተው። እምቢ ማለት አልቻልሁም፤ የገዛ ስክሪኔ ላይ ነው። የኔታ መጡ። ጥምጣማቸው ታጥቦ ነጭ በነጭ ሆኗል። ወገባቸው ቀጥ ብሏል። ዓይናቸው ያበራል። አንዱ ተማሪ ጥያቄ ጽፎላቸው፣ አንዲት ቅኔ ከሥሯ እስከ ጫፏ ፈትተው አሳዩት። ሳቁ፤ ሌላውን ተማሪ በስሙ ጠርተው ገሠጹት። አንድ ሰዓት ሙሉ አንዴ እንኳ አላንቀላፉም።

እኔ ቤት እንቅልፍ፣ እሱ ቤት ይኼ ሁሉ።

«እዚህ ሲመጡም እንዲህ ናቸው?» አለኝ።

«ከዚህም ይበልጣሉ» ብዬ ዋሸሁ። ባለቤቴ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

ከዚያ ሳላስበው አፌ አመለጠኝ፤ የሚቀጥለው እሑድ ስርጭት ከእኔ ቤት እንዲሆን እንደምፈልግ ነገርሁት። እምቢ እንደሚል እርግጠኛ ነበርሁ፤ የሚመልሰውን እያሰብሁ የምከራከርበትን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

«እሰይ!» አለ። «እኔም ደስ ይለኛል። ትርፍ ካሜራ አለችኝ፤ ትፈልጋት ይሆናል ብዬ ይኸው ይዤልህ መጥቻለሁ። ለልጆቹ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ።»

ካሜራዋን ከስክሪኑ ላይ አስቀምጦ፣ አከፋፈቱን አሳይቶ፣ ደግሞ ትከሻዬን ስሞ ሄደ። ለጠብ ተዘጋጅቼ መሳም ብቻ ተረፈኝ።

እሑድ ከቅዳሴ እንደተመለስሁ ቤቱን ገለባበጥሁት። ከመስኮት ፊት የተቀመጠ ሰው ካሜራ ላይ ፊቱ ይጠቁራል ብሎ ባልንጀራዬ ነግሮኝ ስለነበር የየኔታን ወንበር ከጥጉ አንሥቼ መሐል ቤት፣ ከስክሪኑ ትይዩ አደረግሁት። ከኋላቸው የባለቤቴን አዲስ ጋቢ ግድግዳው ላይ ወጠርሁ። የጻፍኋቸውን ቅኔዎች አትሜ፣ ካሜራው እንዲያያቸው አድርጌ ጠረጴዛ ላይ ከመርሁ። ባለቤቴ ድግስ ነው ወይ አለችኝ።

ሰዓቱ ሲቃረብ ስክሪኑ ላይ የሚጠብቁት ሰዎች ስም መደርደር ጀመረ። የዲማ ልጆች ናቸው። አብሬው ቁራሽ የለመንሁት አለ። ያረምሁት አለ። ቅኔውን ትቼ ስወጣ «ለደመወዝ ብሎ የኔታን ከዳ» ብሎ ያስወራብኝ ሰውም አለ፤ ስሙ ከላይ ሦስተኛው ላይ ነበር። እሱ እንዲያይ ፈለግሁ። ከሁሉም በላይ እሱ እንዲያይ ፈለግሁ።

የኔታ በትራቸው ቀድማ ገባች። ደጃፉ ላይ ቆሙ። መጀመሪያ ያዩት የመስኮቱን ጥግ ነው፤ ወንበሩ በነበረበት ቦታ ፀሐይዋ ባዶ ወለል ላይ ተኝታለች፣ ድመቷም መሐሏ።

«ወንበሬን ምን አደረግኸው?»

«ይኸው፣ የኔታ፣ እዚህ አመጣሁት። ለካሜራው እንዲመች ነው።»

መጥተው ተቀመጡ። ጥምጣማቸውን አስተካከሉ፤ ሁለት እጃቸውን በትራቸው ላይ ደራርበው ወገባቸውን ቀጥ አደረጉ። በስክሪኑ ያየኋቸው የኔታ ሆኑ። እኔም ማውሱን ያዝሁ። ከዚያ፣ ከግድግዳ ጀርባ የሚሰማ ሰው ያለ ይመስል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«እያዩኝ ነው?»

«ገና ነው፣ የኔታ። እኔ ካልከፈትሁት አይታዩም።»

ተነፈሱ። ወገባቸው ጥቂት ዝቅ አለ።

«እዚህም ገባ እንግዲህ» አሉ።

«አዎ! ስንት ታገልሁ መሰልዎ! ይኼ አሮጌ ነገር እምቢ ብሎኝ…»

እጃቸውን አነሡ።

«እዚያ ቤት ደጎች ናቸው» አሉ። «ልጁም ደግ ነው፤ ይባርከው። ግን ተማሪ እያየህ አትተኛም። የእህቴ ልጅ ቤት ደግሞ ሕፃናቱ ናቸው፤ ሌሊቱን ሳሉ አያስተኛኝም። በሳምንት አንድ ቀን ነበረች እኔ የምተኛባት። እዚህ፣ እዚያ መስኮት ሥር። አንተ ያንን ፊደል ጠቅ ጠቅ ስታደርገው፣ የሣር ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው ይዞኝ የሚሄድ። ስነቃም ተኝተው ነበር ብለህ አሳፍረኸኝ አታውቅም። ዛሬ ስመጣ መንገዱን ሁሉ የማስበው ያንን ወንበር ነበር።»

ቀጥለውም እንደ ምንም ወገባቸውን ሰበሰቡት፤ ጥምጣማቸውን ደግመው ነካ አደረጉት።

«በል ክፈተው፤ ልጆቹ ይጠብቃሉ።»

እጄ ማውሱ ላይ ነበር። አንዴ መጫን ብቻ ነው የቀረኝ። ስክሪኑ ላይ የሰዎቹ ስም እየበዛ ነው፤ ያ ሰው ስሙ ሦስተኛው ላይ እንዳለ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰለቸኋቸው ስል የኖርሁት እንቅልፍ ምን እንደነበር አሁን ነገሩኝ፤ ያንኑ እንቅልፍ ደግሞ በገዛ እጄ አንሥቼ መሐል ቤት አስቀምጬዋለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ቶሎ አልተነሣሁም። መክፈት ፈልጌ ነበር። አንዴ ብቻ፣ ያ ሰው እስኪያይ ድረስ ብቻ።

ከዚያ የኔታ ማዛጋታቸውን ሊደብቁ አፋቸውን በነጠላቸው ሲሸፍኑ አየኋቸው።

ተነሣሁ። ወደ መስኮቱ ሄጄ ጥቁሯን ዕቃ ከሚስማሩ አወረድኋት፤ ከገመዱ ነቀልኋት። ሰማያዊ መብራቷ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ የነበረው ስም ሁሉ ባለበት ደርቆ ቀረ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ ባልንጀራዬ ነው።

«አስነጋሪዬ፣ ጠፋህብን!»

«እምቢ አለ» አልሁት።

«ካቢኔውን ቆልፈኸው ይሆናል፤ እስቲ…»

«አልቆለፍሁትም። ኮምፒውተሩ አርጅቷል፤ ለዚህ ነገር አይሆንም።»

ሌላ ስልክ ይዞ ለሚጠብቁት ሲነግራቸው ይሰማኛል። «የአስነጋሪው ኮምፒውተር አሮጌ ስለሆነ ዛሬ አልተቻለም» አላቸው። አንዱ መለሰ፤ ድምፁን አውቄዋለሁ፤ ያ ከላይ ሦስተኛው ሰው ነው። «በጽሕፈት መኪና ሊያስተላልፍልን ነበር እንዴ?» አለና ሁሉም ሳቁ። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥሁት።

«የሚቀጥለውን እሑድ አንተ ጋ ይሁኑ» አልሁት ባልንጀራዬን። «ከዚያ በኋላ ግን አንድ እሑድ አንተ ጋ፣ አንድ እሑድ እኔ ጋ። እኔ ጋ ሲሆኑ ያው እንደ ድሮው እንጽፋለን እንጂ ማንንም አንጠራም።»

«ደስ ይለኛል» አለ። የፈረደበት፣ ሁልጊዜ ደስ ይለዋል።

ወንበሩን ከነየኔታ ላነሣው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ እሳቸው ሳቁና በበትራቸው ተነሡልኝ። ወደ ጥጉ መለስሁት፤ ድመቷን ከፀሐዩ አስነሣኋት። የኔታ ተቀመጡ፤ ጥምጣማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ጥቁሯን ዕቃ ካቢኔው ውስጥ ከትቼ ቆለፍሁና ቁልፉን ወደ አንገቴ መለስሁት።

አንዲት ጉባኤ ቃና ጀመሩልኝ። የመጀመሪያዋ ቤት ግማሽ ላይ ድምፃቸው ሳስቶ ቀረ።

የሚጻፍ ነገር አልነበረኝም። እጄን ካቆምሁ ግን ይነቃሉ። ስለዚህ ያችኑ ግማሽ ቤት መልሼ ጻፍኋት፤ ከታችዋም ደግሜ፤ ገጹ ሞላ፣ ሌላ ገጽ ጀመርሁ። ባለቤቴ ሻይዋን ይዛ ገብታ ስክሪኑን አየች።

«ምን ሆነህ ነው አንዱን ነገር ደጋግመህ የምትጽፈው?» አለች በሹክሹክታ።

«ዝም በይ። ተኝተዋል።»

ቅናቴ እንደሆነ አልለቀቀኝም። ነጩ ጥምጣም፣ ቀጥ ያለው ወገብ፣ የሚያበራው ዓይን የዚያ ሰው ነው፤ አገር ሁሉ ያየዋል። ይኼ አፉ የተከፈተ፣ አንገቱ የዘነበለ እንቅልፍ ግን የእኔ ብቻ ነው፤ ለማንም አላሳየውም። ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክትወርድ እጄን ከኪቦርዱ አላነሣሁም።